በእህቴ ሆድ የለካሁት ጾም

መጀመሪያ የተሰማኝ ማቃጠል ነበር። ከደረቴ አጥንት በታች፣ ከእምብርቴ በላይ፣ በአውራ ጣቴ ልሸፍናት በምችላት አንዲት ቦታ ላይ። የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ንጋት ላይ ሕመሙ ቀስቅሶኝ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን አሻሻለሁ፤ እህቴ ጸዳለ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ ለጥ ብላ ተኝታለች። ያኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "አመመኝ" የሚል አልነበረም። "እሷን ለምን አያማትም?" የሚል ነበር።

ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው እንድታውቁኝ ብዬ ነው። እኔ ቀናተኛ ነኝ። ቅናቴን ደብቄ ስለ ጨጓራዬ ብቻ ብጽፍ የነገሩን ግማሽ እደብቃችኋለሁ። ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ከጨጓራ መድኃኒቱ ከኦሜፕራዞል ጋር የተዋወቃችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ሆዱን ይዞ የሚጎብጥ ሰው ያላችሁ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ብቻ ነው የማውቀው።

አርባ አምስት ዓመቴ ነው። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከባለቤቴ ጋር ስንለያይ ልጄን ሶልያናን ይዤ እናቴ ቤት ገባሁ። ያኔ ቤታችንም እዚያው ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ግን ቂርቆስ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። እናቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቴ ጸዳለ አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ሶልያና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አራት ሴቶች በሁለት ክፍል ነን።

እማዬ ስለ ጸዳለ ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። "ጸዳለ ቁርጥ እኔን ናት" ትላለች ለጎረቤት። በጾም ደግሞ ይብስባታል። ሁለቱ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት፤ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ጸዳለ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ስትደርስ እማዬ ገበታውን አቅርባ ትጠብቃታለች፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጎራረሳሉ። እኔ ከሥራ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። እነሱ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ስለማላውቀው ነገር እየሳቁ ይጠብቁኛል። የእኔ ድርሻ ተከድኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጠርዙ የደረቀ እንጀራ ይዤ ለብቻዬ ስጎርስ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የገዛ እህቴን አፍ እያየሁ ጥርሴን እነክስ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስድስት ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር እበላ ነበር። የመዝገብ ቤት ልማዳችን ነው፤ ሁላችንም ምሳ ዕቃችንን አንድ ትሪ ላይ እንገለብጣለን፣ የማን ሽሮ የማን ምስር እንደሆነ ሳይለይ እንበላለን። ያን ዓመት ግን ከትሪው ተነሣሁ። ጸዳለ እስከ ዘጠኝ ከጾመች እኔ እስከ አሥራ ሁለት እጾማለሁ አልኩ። ለፈጣሪ ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ለእማዬ ጆሮ ብዬ ነው።

በዚህ ላይ ወገቤ አለ። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ማውረድና መስቀል ነው ሥራችን፤ መሰላል ላይ ወጥተን ከላይኛው መደርደሪያ ክምር እናወርዳለን። ለወገቤ ዲክሎፌናክ እወስድ ነበር። ሐኪም አላዘዘልኝም፤ አንዲት ባልደረባዬ ሰጥታኝ ተሻለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ራሴ ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ። ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድ አውቃለሁ። ነገር ግን ወገቤ የሚያመኝ ጠዋት ነው፣ ምግቤ ደግሞ ማታ። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ኪኒኗን በአንድ ጉንጭ ውሃ አወርዳታለሁ። ኪኒን ምግብ አይደለም፣ ጾም አያስፈታም ብዬ ራሴው ፈረድኩ። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው "ታመሽ ከሆነ ብዪ" እንደሚሉኝ ስለማውቅ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለውን ሆዴን በስናፍጭ እቀበለዋለሁ። ስናፍጭ እወዳለሁ፤ አፍንጫ ድረስ ካልወጣ አይጥመኝም። ቃሪያው አለ፣ ሽሮው አለ፣ በላዩ ላይ ጥቁር ቡና ሁለት ስኒ እደግምበታለሁ። ሌሊቱን ይነድደኛል። ጠዋት ደግሞ ኪኒኗን እውጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ደጅ ላይ ከጎረቤት ጋር ቆማ "ትልቋም ዘንድሮ በረታችልኝ" ስትል ሰማኋት። ያቺን ስሰማ ማቃጠሉን ረሳሁት። ከዚያ በኋላ የመጡትን ቀናት የጾምኩት በእሷ ቃል ነው።

ማቃጠሉ ሲብስብኝ ጎረቤታችን ኑግ ጠጪ አለችኝ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፤ የጾም ነው፣ ሆድ ያለሰልሳል። ማታ ማታ መጠጣት ጀመርኩ። በአራተኛው ሳምንት ሰገራዬ ጠቆረ።

ሬንጅ ይመስላል። ይጣበቃል። ሽታው ሌላ ነው።

ኑጉ ነው አልኩ። የጠጣሁት ጥቁር ነው፣ የወጣውም ጥቁር ነው። አራት ቀን እንደዚህ እያልኩ አለፍኩት። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሰገራችሁ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ምን እንደበላችሁ ቁጭ ብላችሁ አታስታውሱ። የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ነው። አንድ እግሬን መሰላሉ ላይ አደረግሁ። ጆሮዬ ጮኸ። ፊቴን ብርድ አለኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አስመለሰኝ። የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው። ባልደረቦቼ አንሥተው ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱን አላስታውስም።

ድንገተኛ ክፍል ያየችኝ ሐኪም ከእኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ነበረች። ሰገራዎ ጠቁሮ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኑግ ጠጥቼ ነው አልኳት።

"ይሄ ኑግ አይደለም" አለችኝ። "ደም ነው። ጨጓራዎ አካባቢ እየደሙ ነው።"

ሄሞግሎቢኔ ስድስት ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሴት ከዚያ እጥፍ እንደሆነ ነገረችኝ። ደም ያስፈልግዎታል አለች። ኤንዶስኮፒ እናደርጋለን አለች። በዚያ ካልቆመ ኦፕራሲዮን ነው አለች።

ሶልያናን አሰብኳት። ትምህርት ቤት ናት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ማን ይቀበላታል አልኩ። ከዚያ ብሞት ማን ያሳድጋታል አልኩ። ጸዳለ ናት የምታሳድጋት። በደንብም ታሳድጋታለች። እዚያ አልጋ ላይ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ በዚህም ቀናሁ።

ጸዳለ ከክፍል ወጥታ እየሮጠች መጣች። ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፤ እጇ ላይ ጠመኔ አለ። ነርሷ ከቤተሰብ ደም የሚሰጠኝ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ጸዳለ "እኔ አለሁ" አለች። ነርሷ እንደመጠራጠር ብላ አየቻት፤ ጾም ላይ ከሆንሽ በባዶ ሆድ ደም አይሰጥም፣ ዛሬ ምግብ ቀምሰሻል ወይ አለቻት።

ጸዳለ አየችኝ። ከዚያ ወለሉን አየች።

"ቀምሻለሁ።"

"ምን?"

"አጃና ሙዝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ዳቦ።"

ነርሷን ተከትላ ወጣች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ። እስከ ዘጠኝ የሚባል ጾም የለም። ዛሬ ብቻ ይሆናል ልል ፈለግሁ፤ ግን ፊቷን አይቻለሁ። የዛሬ ፊት አልነበረም። እኔ ስደማ የቆየሁት ማንም ካልጾመው ጾም ጋር ስፎካከር ነው። ሞት ፈርቼ የነበርኩት ሴትዮ ለግማሽ ሰዓት ሞትን ረሳሁት። ያንገበገበኝ አጃው ነው።

እማዬ ማታ መጣች። ለአጠገቤ በሽተኛ፣ ለጠያቂዎች፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር "እህቷ እኮ ናት ደሟን የሰጠችላት" ትላለች። አፌ ደርቆ፣ ምላሴ ተሳስሮ ነው እንጂ እህቴ ደም ልትሰጥ የቻለችው ምን በልታ እንደሆነ እዚያው እነግራት ነበር።

በማግሥቱ ኤንዶስኮፒ ተደረገልኝ። ቱቦው በጉሮሮ ሲወርድ ያስጨንቃል፣ ያንቃል፣ ግን ያልፋል። ቁስሉ ዱኦዲነም ላይ ነው፤ ጨጓራ ወደ አንጀት በሚከፈትበት በር ላይ። በዚያው መሣሪያ መርፌ ወግተው፣ ትንሽ የብረት መቆንጠጫ አድርገው ደሙን አቆሙት። ናሙና ወስደው ሲመረምሩ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘ። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ቁስሉን ያመጡት ባክቴሪያውና ዲክሎፌናኩ ናቸው፣ ጾሙ ብቻውን አላመጣውም አለች። ቃሪያውና ስናፍጩ የተቆጣውን ያባብሱት ይሆናል እንጂ ምንጮቹ አይደሉም። ለወገብዎ ሌላ መድኃኒት እናያለን፣ ዲክሎፌናክ ግን ከእንግዲህ አይነኩም አለችኝ። ባክቴሪያው በቤተሰብ መካከል ስለሚተላለፍም ሆዱን የሚያመው ቤተሰብ ካለ እንዲመረመር መከረች። ጸዳለ ራስጌዬ ቆማ ነበር። አንሶላዬን አስተካከለች።

ስድስት ቀን ተኝቼ ወጣሁ። ለአሥራ አራት ቀን አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ከኦሜፕራዞል ጋር፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ኦሜፕራዞሉን ብቻ ታዘዘልኝ። ክላሪትሮማይሲን አፍን ያመርራል፤ ምራቃችሁ ሳንቲም የላሳችሁ ያህል ይመራል። አንዲት ፍሬ ሳታስቀሩ ጨርሱት። በስድስተኛው ቀን ተሻለኝ ብለው አቁመው ባክቴሪያው ተመልሶ የተነሣባቸውን ሰዎች በኋላ ተራ ስጠብቅ አግኝቻቸዋለሁ።

ቤት ስገባ ጸዳለ ለብቻዬ ታበስልልኝ ጀመር። ዱባ በካሮት፣ በቀጭኑ የተመታ የገብስ ገንፎ፣ ድንች፣ በደንብ የበሰለ ሩዝ። እያንዳንዱን ስታቀርብልኝ "ከየት ተማርሽው?" የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ እውጠዋለሁ። እነሱ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፣ እኔ ለብቻዬ ሳህን። በሀገራችን ለብቻ ሳህን የሚቀርብለት እንግዳ ወይም በሽተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ ሁለቱንም ሆንኩ። በሶልያና ሳይቀር ቀናሁ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ችብስ በፌስታል ይዛ፣ ለስላሳ እየጠጣች፣ ስልኳን እያየች ትበላለች። ያንን ሁሉ የሚችል ሆድ ምን ዓይነት ሆድ ነው እያልኩ ዱባዬን አላምጣለሁ።

ፋሲካ መጣ። መድኃኒቱን ጨርሼ ኦሜፕራዞሉ ላይ ነኝ። ዶሮው በጸዳለ እጅ ተሠርቶ ቀረበ፤ ለእኔ ደግሞ ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋና ሩዝ ለብቻ። እማዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ፣ እንቁላሉን ከፍላ፣ ለጸዳለ አጎረሰቻት። ያንን ሳይ ዓይኔ ጨለመ። እጄን ሰድጄ ከገበታው ጎረስኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛውን በድልሁ ጠቅልዬ። ሶልያና "ማሚ፣ በቃ" አለችኝ። አልሰማኋትም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ያዘኝ። እንደ በፊቱ እዚያችው ቦታ ላይ። ላብ አጠመቀኝ። እንደገና ደማሁ ብዬ ጮህኩ። ጸዳለ ደግፋ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

አልደማሁም። ሄሞግሎቢኔ ባለበት ነው። ተረኛው ሐኪም ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ካርዴን አገላብጠው አነበቡና፣ የደማ ቁስል ሳይድን ሁለተኛ ሊደማ እንደሚችል፣ ሁለተኛው ደግሞ ኦፕራሲዮን ድረስ ሊያደርሰኝ እንደሚችል ነገሩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እርቦሽ ነው የበላሽው?"

አይ አልኳቸው። እውነት መናገር ካለብኝ ያን ቀን ምንም አልራበኝም ነበር።

እንደ ዱላ ያረፈብኝ ያ ጥያቄ ነው። ከሐኪሙ ክፍል ወጥተን አግዳሚው ላይ ከጸዳለ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያን ያህል ቀን ያመቅኩትን አወጣሁት። ስንት ጊዜሽ ነው ቁርስ ስትበዪ አልኳት። ሁለት ዓመት አለችኝ። ሁለት ዓመት ሆኗታል። እሷንም እንዲሁ አቃጥሏት፣ ለብቻዋ ሄዳ ተመርምራ፣ ያው ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶባት ታክማለች። የንስሐ አባቷ ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ፣ የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ጠዋት ቅመሺ ብለዋታል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አጃዋን በፔርሙዝ ይዛ ትሄዳለች። ለምን ደበቅሽን አልኳት። እጆቿን እያየች ተናገረች።

"እማዬ 'ቁርጥ እኔን ናት' ስትለኝ ደስ ይለኛል፣ እታለም። እኔ ሌላ ምን አለኝ? አንቺ ልጅ አለሽ።"

እታለም ነው ከልጅነታችን ጀምሮ የምትለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ የምቀና ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ሶልያና ወደ እኔ ስትመጣ በሚሰማው የጫማዋ ድምፅ እንኳ ስትቀና የኖረች መሆኗን አላየሁም። ለእማዬ እንዳልነግርባት አልለመነችኝም። እኔም አልነግርም ብዬ ቃል አልሰጠኋትም፤ እንዲያውም አንድ ቀን እንደምነግርባት ልቤ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ማገገሜ ቀስ እያለ፣ እንደ ክረምት ማለዳ ሳይታወቅ እየነጋ መጣ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ዘንድ ተላክሁ፣ ጸዳለም አብራኝ ሄደች፣ በኋላ ሶልያናንና እማዬንም ይዘን ሄድን፤ አራታችን ተራ ይዘን ስንቀመጥ የሠርግ ሚዜዎች እንመስላለን እያለች ሶልያና ትስቅብናለች። ባለሙያዋ መጀመሪያ ያስጣለችኝ ማቃጠሉን ለማብረድ የምጠጣውን ቀዝቃዛ ወተት ነው፤ ወተት ለጊዜው ያረጋጋል እንጂ ቁስል አይፈውስም፣ ጥቂት ቆይቶ አሲዱን መልሶ ሊያስነሣው ይችላል አለች። ሆድን በአንዴ ከመጫን ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ምግብ ማቆም፣ የሚያምሽን ምግብ ራስሽ መዝግበሽ ማወቅ ነው እንጂ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ የተከለከለ ዝርዝር የለም አለችኝ። እኔን ቡና በባዶ ሆድ ያቃጥለኛል፣ ከምግብ በኋላ ግን አንድ ስኒ ምንም አይለኝም። ስናፍጭን ትቼዋለሁ። እንዳላዘንኩ አድርጌ አልዋሽም።

ሶልያናን ስትመረምራት ከእኔ የባሰ አገኘችባት ብል ማጋነን ነው፣ ግን ሆዷ በየሦስት አራት ቀኑ ነበር የሚሠራው፣ እኛም አናውቅም። የቀናሁበት ሆድ ይኸው ነው። ቁርስ ሳትበላ እየወጣች፣ ምሳ በችብስ፣ ውሃ በለስላሳ እየተካች ኖራለች። በዚህ ዕድሜ አጥንቱም ደሙም እያደገ ስለሆነ አትክልት፣ ጥራጥሬና እንቁላል፣ በተለይ ደግሞ ውሃ እንደሚያስፈልጋት፣ ቁርሷንም በአጃ እንድትጀምር ተነገራት። "ማለቴ፣ በየቀኑ አጃ? ማሚ፣ በጣም ይደብራል እኮ" አለችና አኮረፈች። በየቀኑ አጃ አልሆነም። አንድ ቀን የስንዴ ቂንጬ፣ አንድ ቀን እንቁላል በዳቦ፣ አንድ ቀን ፓፓያ በእርጎ እያልን ተደራደርን። ችብሱንም ጨርሳ አልተወችውም፤ አርብ አርብ እንድትበላ ተስማማን። የበዛ ነገር በአንዴ መለወጥ ሆድን ይነፋል፤ ባቄላውንም ጎመኑንም ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ ውሃውንም አብራችሁ ጨምሩ።

እዚያው ተራ ስንጠብቅ አራስ ልጅ የታቀፈች ወጣት እናት አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። አማቷ ለሕፃኑ ቅቤ አስውጡት፣ ውሃ በስኳር አቅምሱት እያሉ አስቸግረዋታል። ባለሙያዋ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳይሰጠው ስትነግራት ልጅቷ እፎይ ስትል አየኋት። የሚታዘዝላትን እንዲህ በግልጽ የሚነግራት በማግኘቷ፣ ይገርማችኋል፣ በእሷም ቀናሁ።

መድኃኒቱን በጨረስኩ በሁለተኛው ወር የሰገራ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ኤች ፓይሎሪ ኔጌቲቭ ነው አሉኝ። ወደ ሥራ ተመለስኩ፣ ፋይል የማወርደው ግን ወገቤ ከፍታ ካለው መደርደሪያ ብቻ ነው። ከባልደረቦቼ ትሪ ዳር ተቀምጬ ስበላ የመጀመሪያው ቀን እንባዬ መጣ፤ ቃሪያው ነው ብያቸው ሳቁ።

የቀረችው እማዬ ነበረች። ሆዷ ይደርቅባታል። በዚህ ዕድሜ ጥም እንደማይሰማ፣ ስለዚህ ሳይጠማትም ውሃ መጠጣት እንዳለባት፣ ጠዋት ተልባ በብዙ ውሃ፣ የበሰለ አትክልት፣ በግቢው ውስጥም ቢሆን መራመድ እንደሚያስፈልጋት ተነግሯታል። የንስሐ አባቷም ከዓመታት በፊት "እናቴ፣ አንቺ አሁን በልተሽ ጸልዪ" ብለዋታል። እሺ ትልና ጾም ሲገባ ትረሳዋለች። ፍልሰታ ሲገባ እንደገና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም አለች። በሦስተኛው ቀን ከወንበር ስትነሣ ተንገዳገደች። ያዝኳት። ክብደት አልነበራትም።

እኔና ጸዳለ ሁለታችንም ቆመን "ብዪ" አልናት። ተቆጣች።

"ልጆቼ እየጾሙ እኔ አሮጊቷ ቁርስ ልብላ?"

ለወራት ስጠብቀው የነበረ ቀን ደረሰ። አፌን ከፈትኩ። ልነግርባት ነበር፤ ለእማዬ ጤና ብዬ ነው እያልኩ፣ ግን ልቤ ሌላ ይል እንደነበር አውቃለሁ። ጸዳለ ቀደመችኝ። እማዬ እግር ሥር ተቀምጣ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ ጠዋት ጠዋት ስበላ አለቻት። ሁሉንም ነገረቻት፤ በሽታውን፣ አጃውን፣ ፔርሙዙን። "ቁርጥ እኔን ናት" የሚለው ቃል አሁን አለቀ ብዬ ጠበቅሁ። ደስ እንደሚለኝ ጠብቄ ነበር፤ አላለኝም።

"እና እኔን ለምን አስራባችሁኝ?" አለች እማዬ።

ጸዳለ ቀና አለች።

"አንቺን እያየሁ እኮ ነው" አለች እማዬ። "ልጄ ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዛ ቆማ እየጾመች፣ ቁጭ ብዬ የምውለው እኔ እንዴት እበላለሁ እያልኩ። ዓይኔ እየጨለመ።"

ሦስት ሴቶች አንድ ጣሪያ ሥር አንዳችን በአንዳችን ሆድ ጾመናል። እማዬ በጸዳለ፣ ጸዳለ በእማዬ፣ እኔ በሁለቱም።

ጾሙን አልከስም። የሚችል ይጹም፤ የማይችለው ደግሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ ከሁሉ በፊት ግን ቤተሰቡን ጠይቆ ይወቅ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ጠዋት ምን ቀምሶ እንደወጣ አታውቁም። የወገብ ኪኒን በባዶ ሆድ አትውሰዱ፣ ያለ ሐኪምም አታዘውትሩ። ጥቁር ሰገራን በኑግ አታሳብቡ። ከወለሉ ላይ ላነሡኝ ባልደረቦቼ፣ ለዚያች ለጋ ሐኪም፣ "እርቦሽ ነው የበላሽው?" ብለው ለጠየቁኝ ሽማግሌ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለእህቴም። ደሟ ሰውነቴ ውስጥ አለ፤ ይህን ያወቅሁት ሲሰጠኝ ነው፣ የተቀበልኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

እውነቱን በሰማች በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እማዬ ራሷ ጠራችን። አጃ በውሃ አፍልታ፣ ተልባ ነስንሳበት፣ ሦስት ሳህን አቅርባለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በፍልሰታ ጠዋት ሦስታችን በአንድ ገበታ ተቀመጥን። ቁስሌ ድኗል፤ ቅናቴ ግን መድኃኒት አልተገኘለትምና ዓይኔ ሳላዘው ሳህኖቹን ለካ። የጸዳለ ከእኔ ሞላ ያለ ነበር።

ቀናሁ። ማንኪያዬን አንሥቼ በላሁ።